የኋላ ፍሬን መከለያ ላሜራ ሲዝግ፦ በፕራዶና በፎርራነር ላይ የቱ ይቆረጣል፣ የቱ ይለወጣል

ከኋላ ጎማ የሚመጣ የብረት ፍጭት ሁሉ የፍሬን ሸራ ማለቅ አይደለም። ሸራው ገና ግማሽ ላይ እያለ መኪናው ሲታጠፍ የሚብስ፣ ፍሬን ቢይዙም ባይዙም ያው የሆነ ድምፅ ከተሰማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከዲስኩ ጀርባ ያለው ቀጭን ላሜራ ላይ ነው። ዝገት በልቶት ጠርዙ ታጥፎ ዲስኩን ይነካል፤ ወይም በሁለቱ መሃል ጠጠር ተቀርቅሯል። ጉዞ ላይ ድንገት የጀመረ ጩኸት ከሆነ ጠጠር የመሆን ዕድሉ ይበልጣል፦ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መንዳት ብቻ ሊያወጣው ይችላል። ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ግን ጎማው ይውለቅ።

እዚህ የምናወራው ስለ ቶዮታ ፕራዶ 120 እና 150፣ ስለ ፎርራነር (በፈረንጆቹ ከ2003 እስከ 2024 ሞዴል)፣ ስለ ኤፍጄ ክሩዘርና ስለ ሌክሰስ ጂኤክስ 470 ነው። የሁሉም የኋላ አሠራር ተመሳሳይ ነው፦ አንድ ወጥ አክስል፣ በጎን ዲስክ፣ በዲስኩ ሆድ ውስጥ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ትንሽ ታምቡር። ስለዚህ ከዲስኩ ጀርባ ያለው ብረት ጭቃ መከላከያ ብቻ አይደለም። ሰፊው ቀጭን ጠርዝ ጭቃና ጠጠር ይከላከላል። መሃሉ ግን የእጅ ፍሬን ሸራዎችን ተሸክሟል፦ የሚደገፉበት ምሰሶ፣ የሚያያዙባቸው ፒኖች፣ የገመዱ መግቢያ ሁሉም እዚያ ናቸው። ሥራው የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው። ጠርዙ ከበሰበሰ ተቆርጦ መኪናው በዚያው ቀን ይወጣል፤ መሃሉ ከበሰበሰ ላሜራው በሙሉ፣ ማለትም ሳህኑ፣ መለወጥ አለበት፣ እሱም ሻፍት (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ማውጣት ይጠይቃል። ‹‹ላሜራ ነው፣ ቆርጠህ ጣለው›› የሚለው ምክር ለጠርዙ ትክክል፣ ለመሃሉ አደገኛ ነው።

ለምን የኋላው ይብሳል? የፊት ጎማ የሚረጨውን ሁሉ የኋላው ይቀበላል፣ የላሜራው የታችኛው ግማሽም ጭቃውን ይዞ ያስቀራል። ዋልካ ጭቃ እዚያ ከገባ ውጭው ደርቆ እንኳ ውስጡ ለቀናት እርጥብ ነው። ጨው ሲጨመርበት ሌላ ነገር ነው። በሚኒሶታ፣ በኦሃዮ ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚነዳ ሰው ጨው የክረምት መንገድ ጉዳይ ነው። አገር ቤት ደግሞ የዳናኪል ጨው ሜዳ፣ የአሳሌ ሐይቅ ዳርቻ፣ የአቢያታና የሻላ ሶዳማ ዳርቻዎች አሉ። ለመንገድ በረዶ ማቅለጫ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ነው፤ በዳሎል ጨው ውስጥም ማግኒዥየም አለ። በዚህ የተነሳ መኪናው ደረቅ ጋራዥ ውስጥ ቆሞም መዛጉ አይቆምም። ያገለገለ መኪና ሲገዙም ቀለሙንና የወንበሩን ሸራ ከማየትዎ በፊት ከኋላ ጎማ ጀርባ ገብተው ይህን ላሜራ በባትሪ ይዩት፤ መኪናው የት እንደኖረ ከሻጩ በተሻለ ይነግርዎታል።

መክፈት

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ክሪክ፣ ሁለት የብረት ማቆሚያ፣ ታኮ፣ 21 የጎማ ቡሶላ፣ ለካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ለሚጨብጠው ክፍል) ብሎኖች የሚሆን ቡሶላ ከረጅም እጀታ ጋር፣ ሁለት ባለ 8 ሚሜ ብሎን (ጥርሱ 1.25፣ ርዝመቱ 40 ሚሜ አካባቢ)፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብረት ብሩሽ፣ የላሜራ መቀስ ወይም ግራይንደር፣ ሞረድ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ፣ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ። ስፕሬዩን ከቻሉ ከአንድ ቀን በፊት ብሎኖቹ ላይ ይርጩት። በጣም የዛገ ብሎን በጉልበት ሳይሆን በጊዜ ነው የሚፈታው።

የፊት ጎማዎችን በታኮ ከፊትም ከኋላም ይያዙ፤ የኋላውን ሊያነሱ ስለሆነ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለ ያላሉ፣ አክስሉን ያንሱ፣ ማቆሚያውን በአክስሉ ቱቦ ሥር ያስገቡ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅ እንኳ አይገባም።

ካሊፐሩን ከነመያዣው በሁለቱ ብሎኖች ይፍቱና በሽቦ ከሞላው ላይ ይስቀሉት። በፍሬን ዘይቱ የላስቲክ ቱቦ ተንጠልጥሎ ከቀረ ቱቦው ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ይህም ከውጭ አይታይም። ቱቦውን እስካልከፈቱ ድረስ ፍሬን ዘይት ማፍሰስና አየር ማውጣት አያስፈልግም።

ዲስኩ አልወጣም የሚልበት ምክንያት ሁለት ነው፤ መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ሳያጣሩ መዶሻ አያንሱ። ዲስኩ ትንሽ እየተወዛወዘ ነገር ግን ወደ ውጭ የማይመጣ ከሆነ የእጅ ፍሬን ሸራው የታምቡሩን የዝገት ከንፈር ነክሷል ማለት ነው። በዲስኩ ፊት ላይ ያለችውን የላስቲክ ክዳን ያውጡ፣ በቀዳዳዋ የማስተካከያው ጥርስ እስኪታይ ዲስኩን ያዙሩ፣ በካቻቢቴ ጥርሱን እየቆጠሩ ወደሚላላበት ያዙሩት። ጭራሽ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ግን ከሻፍቱ ፍላንጅ (ዲስኩና ጎማው ከሚቀመጡበት ክብ ፊት) ጋር በዝገት ተጣብቋል። ባለ 8 ሚሜ ብሎኖቹን በዲስኩ ላይ ባሉት ሁለት ጥርሳም ቀዳዳዎች ያስገቡና በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር ያጥብቁ። መሃል ላይ ቆም ብለው በብሎኖቹ መካከል ያለውን ብረት በመዶሻ ይምቱ፤ ድምፁ ሲለወጥ ለቋል። ሸራው ነክሶ ሳለ እነዚህን ብሎኖች ዝም ብሎ ማጥበቅ የመያዣ ፒኖቹን ከዛገው ሳህን ነቅሎ ያወጣቸዋል፤ አምስት ደቂቃ ለማትረፍ ተብሎ ደህና የነበረ ሳህን የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው።

ዲስኩ ሲወጣ የሚታየውን አቧራ በኮምፕሬሰር አይንፉት፤ በውኃ ወይም በፍሬን ማጽጃ አርጥበው በጨርቅ ይሰብስቡት።

ምን ያህል እንደተበላ ማወቅ

ዝገት ሲታይና ሲነካ አንድ አይደለም። የተነፈሰና የተቀረፈ የሚመስል ብረት ተቦርሾ ውስጡ ደህና ሊወጣ ይችላል፤ ጠፍጣፋ የሚመስለው ደግሞ በካቻቢቴ ጫፍ ሲገፋ ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ቅርፊቱን በብሩሽ አራግፈው በመጀመሪያ መሃሉን ይፈትሹ፦ በምሰሶው ዙሪያ፣ ሳህኑ ከአክስሉ ጋር በተያያዘበት፣ ገመዱ በሚገባበት። በትንሽ መዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ብረት አለ ማለት ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው አልቋል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባቸው የሸራ መያዣ ፒኖቹ ቀዳዳዎች ናቸው። ፒኗ እንደ ሚስማር ናት፦ ከሳህኑ ጀርባ ትገባለች፣ ሸራውን ታልፋለች፣ ከፊት በኩል በሞላና በቆብ ትያዛለች። ያንን ሁሉ የሚይዘው ከጀርባ ያለችው ትንሽ የፒን ራስ ናት። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ብረት ሲሳሳ ራሷ ተስባ ታልፋለች፣ ሸራውም የሚይዘው አጥቶ ታምቡሩ ውስጥ ይንከራተታል። መጀመሪያ የሚሰማው በኮረኮንች ላይ መንቋቋት ነው። ከዚያ የእጅ ፍሬኑ አልይዝ ይላል። በመጨረሻ ሸራው ወይም ሞላው ታምቡሩ ውስጥ ተሰንቅሮ ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል፤ ይህ በፍጥነት ላይ ከሆነ ውጤቱ ይታወቃል። በጣትዎ ቆቡን ይዘው ሸራውን ወደ ውጭ ይሳቡ፦ ሞላው ሲጨመቅ ሊሰማዎት ይገባል፣ ሳህኑ ራሱ ግን መታጠፍ የለበትም።

ሳህኑ ላይ ሸራው የሚንሸራተትባቸው ትንንሽ ከፍ ያሉ ቦታዎችም አሉ። እነዚያ ላይ ጉድጓድ ከተቆፈረ ሸራው ገብቶ ይቀራል፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆም ይጎትታል፣ ዲስኩ ይግላል። ጥልቀት የሌለው ከሆነ በሞረድ ማስተካከል ይበቃል። በዚያው አጋጣሚ የሸራውን ውፍረት ይዩ፤ 1 ሚሜ ከደረሰ ይቀየራል። ዲስኩንም ይለኩ፦ በነዚህ መኪኖች ላይ የተለመደው የኋላ ዲስክ አዲስ ሲሆን 18 ሚሜ፣ መጣያው 16 ሚሜ ነው፤ ልኩ ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሲነካካ የኖረ ላሜራ የዲስኩን የውስጥ ፊት ስለሚፍቀው ከውጭ በኩል ብቻ አይተው አይፍረዱ።

ጠርዙ ብቻ ከሆነ

ብረቱ ጠንካራ ሆኖ የታጠፈ ብቻ ከሆነ በእጅ ወይም በሰፊ ፒንሳ ወደ ኋላ ይመልሱት። ከዲስኩ ቢያንስ 5 ሚሜ ይራቅ፤ አክስሉ በጭነት ሲንገዳገድና ዲስኩ ሲሞቅ ያቺ ክፍተት ታስፈልጋለች።

የበሰበሰው ይቆረጥ። የላሜራ መቀስ ከተቻለ ከግራይንደር ይመረጣል፣ ምክንያቱም የግራይንደር ብናኝ ብረት በኤቢኤስ ሴንሰሩ (የጎማውን ፍጥነት በሚለካው) ማግኔት ላይ ተለጥፎ የዳሽቦርድ መብራት ያበራል። ግራይንደር ግድ ከሆነ ሴንሰሩን፣ ገመዱን፣ የፍሬን ቱቦውንና የእጅ ፍሬን ሸራውን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። መቁረጫውን ከደህናው ብረት 1 ሴንቲሜትር ገባ ብለው ያሳልፉ፤ ዝገቱ ጫፍ ላይ ከቀረ በዓመቱ ተመልሰው ይመጣሉ። ወፍራም የሆነ፣ ብሎን ያለበት ወይም ካሊፐር የሚጠጋው ማንኛውም ብረት ላይ መቁረጫ አይደርስም። የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ ያለስልሱ።

ሳይተኩት ቢቀርስ? በአስፋልት ብቻ ለሚሄድ መኪና ብዙ አይጎዳም። አንዳንድ ድንጋያማ ቦታ የሚነዱ ሰዎች ጠጠር እንዳይቀረቀር ብለው ሆን ብለው ይቆርጡታል፣ እሱም ምክንያት አለው። በጭቃና በአሸዋ ለሚውል ግን አይመከርም፦ የዲስኩ የውስጥ ፊት ቶሎ ይቧጠጣል፣ የውስጠኛው ሸራም ከውጭው ቀድሞ ያልቃል።

መተካት ከፈለጉ ሳህኑን ሳያወልቁ የሚገጠም ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ሠርቶ ማሰር ይቻላል። ቅርጹን መጀመሪያ በካርቶን ያውጡ፤ አክስሉ ስላለ ሙሉ ክብ አይገባም፣ በሁለት ግማሽ መሥራት ግድ ነው። ከ1 እስከ 1.5 ሚሜ የሆነ ዚንክ የተነከረ ላሜራ ይበቃል። አሉሚኒየም ቀላልና የማይዝግ ይመስላል፣ ነገር ግን ከብረት ጋር ተገናኝቶ ጨው ሲያገኘው ይበላል፤ ከተጠቀሙበት ሁለቱም ፊት ቀለም ተቀብቶ ይሁን። ቁራጩ ከደህናው ብረት ጋር ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ይደራረብ፣ በየ5 ወይም 6 ሴንቲሜትሩ በብረት ሪቬት ወይም በባለ 6 ሚሜ የማይዝግ ብሎንና ራሱን በሚቆልፍ ዳዶ ይታሰር። የብሎኑ ራስ በዲስኩ በኩል፣ ዳዶው በጀርባ ይሁን፤ የብሎን ጭራ ወደ ዲስኩ ከዞረ ክፍተቱን ይበላል። ከታች በኩል ሁለት የ10 ሚሜ ቀዳዳ ለውኃ መውጫ ይተዉ።

ብየዳ ከሪቬት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እዚህ ቦታ ግን ጣጣው ይበዛል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ማላቀቅ፣ የኤቢኤስ ሴንሰሩን ማውጣት፣ የብየዳውን መሬት ከሚበየደው ብረት ራሱ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። መሬቱ ሌላ ቦታ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ያልፍና ኳሶቹን ይበሳሳቸዋል። ዚንክ የተነከረ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳት ያስይዛል። ከሁሉ የከፋው ክሎሪን ባለው ፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት መበየድ ነው፦ ትነቱ በብየዳው እሳት ፎስጂን ወደሚባል መርዛማ ጋዝ ይለወጣል። ጣሳው ላይ ‹‹ክሎሪን የሌለው›› ተብሎ ካልተጻፈ በዚያ ቀን ብየዳ የለም።

የፒን ቀዳዳዎች

አንድ ቀዳዳ ብቻ ሰፍቶ ዙሪያው 1 ሴንቲሜትር ያህል ደህና ብረት ካለው መዳን ይችላል። ከ1.5 እስከ 2 ሚሜ ውፍረት ያለው ሮንዴላ ከጀርባ በብየዳ ይያዝ፣ ቀዳዳው ከአዲሷ ፒን ራስ ያነሰ ይሁን። ፒን፣ ሞላና ቆብ በአዲስ ይለወጡ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ የዛገች ፒን ግን አንገቷ ላይ ትበጠሳለች። ሁለቱም ቀዳዳዎች ከሄዱ ወይም በምሰሶው ዙሪያ ያለው ብረት ከተሰነጠቀ መለጠፉን ይተዉት።

ሳህኑን መለወጥ

ጎማው ሲወልቅ በመሃሉ ክብ ሆነው የተደረደሩ ዳዶዎች ካሉት (80፣ 105ና 70 ቁጥር ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው) ሻፍቱ ብቻውን ይወጣል፣ ቀጥሎ ሐቡ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) ይፈታል፣ ሳህኑም ይገኛል። በፕራዶና በፎርራነር ግን ጎማው የሚታሰረው ራሱ ሻፍቱ ላይ ነው። ሴንሰሩንና የእጅ ፍሬን ገመዱን አላቀው በሳህኑ ጀርባ ያሉትን አራት ዳዶዎች ሲፈቱ ሻፍቱ፣ ኩሽኔታውና ሳህኑ አብረው ይወጣሉ። በተንሸራታች መዶሻ ይጎተታል፤ ሲወጣም ሲገባም በሁለት እጅ ቀጥ ብሎ ይያዝ፣ ክብደቱ በአክስሉ ውስጥ ባለው ኦይል ሲል (ዘይት በሚያግደው ቀለበት) ላይ ካረፈ ሲሉ ይቀደዳል፣ የዲፈረንሻል ዘይትም አዲሱን ሸራ ያጥባል። ኦይል ሲሉ በዚያው ይለወጥ፣ ሲጨርሱም የዲፈረንሻሉ ዘይት ልክ ይታይ።

ከዚህ በኋላ ያለው የፕሬስ ሥራ ነው። የኩሽኔታው ማቆያ ቀለበት በግድ የተገጠመ ስለሆነ አንዴ ከወጣ ዳግም አይገጠምም፤ ኩሽኔታውም በፕሬስ ከተነቀለ አዲስ ይገባ። ፕሬስ የሌለው ጋራዥ ‹‹በመዶሻና በመሮ እናወጣዋለን›› ካለዎት ሻፍቱን ይዘው ሌላ ቤት ይሂዱ፣ የተጫረ ሻፍት ሲል አይዝም። መኪናው ከ150 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ ኩሽኔታውን ለመለወጥ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

የግራና የቀኝ ሳህን ይለያያል፤ በሻንሲ ቁጥር ይዘዙ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሲገዙ የፒን ቀዳዳዎቹንና ምሰሶውን አይተው፣ ጠርዙ ቢቆራረጥም ግድ አይስጥዎት። ከመገጠሙ በፊት እስከ ብረቱ ተቦርሾ፣ ቅባቱ ተጠርጎ፣ ዚንክ የበዛበት አንቲረስት ሁለት እጅ ይቀባ፣ በደንብ ይድረቅ። ከአክስሉ ጋር የሚገጣጠምበት ፊትና ሸራው የሚንሸራተትባቸው ቦታዎች ቀለም አይነካቸውም። ሬንጅ መሰል ወፍራም ቅብ አይጠቀሙ፦ ሲሞቅ ይላጣል፣ ከሥሩ ውኃ ይይዛል። ከታች መኪናውን በተቃጠለ ዘይት የሚረጩ ሰዎችም ከፍሬን አካባቢ ይራቁ።

መግጠምና ማስተካከል

ሸራው በሚንሸራተትባቸው ቦታዎች ላይ ሙቀት የሚችል ግሪስ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ስስ ሲባል ጣት ሲያልፍበት ምልክት የሚተው ያህል ብቻ ነው። የታምቡሩን የዝገት ከንፈር በሞረድ ያንሱ፣ የፍላንጁን ፊት እስኪያበራ ይቦርሹ። እዚያ የቀረ የዝገት ቅርፊት ዲስኩን ያዘነብለዋል፣ ፍሬን ሲያዝም እግር ላይ ይርገበገባል።

ዲስኩን በሁለት የጎማ ዳዶ ይዘው የማስተካከያውን ጥርስ ዲስኩ እስኪቆለፍ ያስፉ፣ ከዚያ 8 ጥርስ ይመልሱ። ዲስኩ ሳይነካ መዞር አለበት፤ ከነካ ጥቂት ጥርስ ጨምረው ይመልሱ። የገመዱን ማስተካከያ አስቀድመው አይንኩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥርሱ መስተካከል ያለበትን በገመድ ሲያጠብቅ ነው። ካሊፐሩ ከተመለሰ በኋላ መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉን ጠንከር እስኪል ደጋግመው ይርገጡ። ጎማው በኮከብ ቅደም ተከተል በ112 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም ዳግም ይታይ።

አዲስ የእጅ ፍሬን ሸራ ከገባ መላመድ ይፈልጋል። ደረቅና ጭር ባለ መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ የእጅ ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ይዘው 400 ሜትር ያህል ይንዱ። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይድገሙት፣ በየመሃሉ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ይስጡት። የእጅ ፍሬኑ መቆለፊያ አዝራር እንደተጫነ ይቆይ፤ በፔዳል የሚሠራ ከሆነ መልቀቂያውን በእጅ ይያዙ።

ከጨው ሜዳ ወይም ከጭቃ ሲመለሱ የመኪናውን ገላ ማሳጠብ ብቻ አይበቃም። ቧንቧውን ከጎማው ጀርባ አስገብተው በላሜራውና በዲስኩ መሃል ንጹህ ውኃ እስኪወርድ ያሳልፉ፤ የታችኛው ግማሽ ላይ ይቆዩ። በጨው ጉዞ የሚውል መኪና ከሆነ በወር አንዴ ጎማው ወልቆ ቢታጠብ አይበዛበትም። ካጠቡ በኋላ ሳይነዱ አያቁሙት፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር እየሄዱ ፍሬኑን ደጋግመው ይያዙ፣ ሙቀቱ ውኃውን ያደርቀዋል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ለቀው በታኮ ያቁሙት፣ አለዚያ ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል።